ሰሊጡ ሳይደርቅ የመጣው መንቀጥቀጥ

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ዋርካ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ቢወላገድባችሁ ነገሩን ያዙልኝ። ነገሩ የሆነው ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው፣ አዲሱ በሚባለው ልጄ እርሻ ላይ ነው። ከአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስከ ማግሥቱ ምሳ ሰዓት፣ ከዚያ አያልፍም።

ያን ጊዜ አንድ ቦታ የማልረጋ ሴት ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የራሴ የምለው ቤት የለኝም። አንዲቱ ልጄ ሳንጃ ናት፣ አንዲቱ መተማ ዮሐንስ፣ አዲሱ ደግሞ እርሻው ላይ። ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ። ስመጣም አልናገር፣ ስሄድም አልናገር፤ ነጠላዬን ካጣፋሁ ሄድኩ ማለት ነው። ለመሄድ ደግሞ ትልቅ ምክንያት አልፈልግም። ወንዙ ሊሞላ ነው ከተባለ እሄዳለሁ። በሽታ ገብቷል ከተባለ እሄዳለሁ። ከሰማሁት ወሬ ግማሹ ውሸት ነበር፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን ቆሜ አይቼ አላውቅም።

ሰሊጥ ለማያውቅ ትንሽ ልናገር። ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ራስ ለራስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይኼን ሂላ እንለዋለን። ሂላው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ቆባ አፉን ይከፍታል። ያኔ ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው እንደ ሕፃን ታቅፎ መጥቶ ሸራው ላይ ይዘቀዘቃል፤ በዱላ መታ መታ ሲደረግ ፍሬው ይራገፋል። ቀድመህ ካራገፍከው ቆባው ስላልተከፈተ ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ የወጣውም እርጥብ ስለሆነ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ከዘገየህ ደግሞ ነፋስ ይቀድምሃል። ሰሊጥ ኩርፊያው ብዙ ነው፤ ሲነኩትም አይወድም።

አምና በልጄ ሂላ ላይ ያለወቅቱ ዝናብ ወርዶበት ያገኘው ጥቁር ሰሊጥ ነበር፤ ገዢ ዞር ብሎ አላየውም። መሬቱ ደግሞ የኪራይ ነው። «ዘንድሮ ካልያዘልኝ መሬቱን ለባለቤቱ መልሼ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ» ብሎኛል። ወዴት እንደሚወጣ አልነገረኝም። እሱም አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ ነው። ሂላው ቆሟል፣ ገና አልደረቀም። አንዲት መኪና መጣችና አንዲት ወጣት ሴት ወረደች፤ ሰናይት ትባላለች። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የምታጠናው። እርሻው ዳር ካለው ቋጥኝ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ አንድ መሣሪያ ልትቀብር አዲሱን ፈቃድ ጠየቀችው።

«እዚህ ምን ይንቀጠቀጣል ብለሽ ነው?» አላት።

«እዚህ ምንም ስለማይንቀጠቀጥ ነው የመጣሁት። ከባድ መኪና የለም፣ ወፍጮ የለም። ጸጥ ያለ ቦታ ሩቁን ይሰማል።»

አዲሱ ፈቀደላት። ትራክተሩን ወደዚያ እንዳያስጠጋ ለመነችው፤ ትራክተሩ ከተበላሸ ሰንብቷልና ይኼም አላስቸገረው።

መሣሪያውን ቀብራ ስትጨርስ ውኃ ሰጠኋት። ጥላው ሥር አብራኝ ተቀመጠች። ሳሉጎቹም ተሰበሰቡ፤ ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። አለቃቸው ካቦ ደሳለኝ የሚባል ጎጃሜ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ግን ያልገባው ነገር የለም።

«እንግዲያ ይቺ የቀበርሻት ነገር ምን ትሠራለች?» አላት።

ሰናይት አልታከተችም፤ ረጋ ብላ አስረዳችው። ሰው የማይሰማቸው ትንንሽ መንቀጥቀጦች በሰፊው አገር ዙሪያ ሁልጊዜ አሉ አለች። እሷና ጓደኞቿ በየቦታው በቀበሯቸው መሣሪያዎች እነሱን ይከታተላሉ። የሚፈልጉት ጸባያቸው ሲቀየር ነው፤ ይበዙ የነበሩት ሲያንሱ፣ ጸጥ ያለው ቦታ ሲነቃ፣ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ሲሻገሩ። እንዲህ ያለ ለውጥ አንዳንዴ ከትልቁ በፊት ይታያል።

«ዘንድሮስ?» አለ ደሳለኝ።

«ዘንድሮ በምሥራቁ በኩል የተወሰነ ለውጥ እያየን ነው።»

«ስለዚህ ትልቁ ሊመጣ ነው።»

«ዕድሉ ጨምሮ ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። እሱም በዓመታት ነው የሚቆጠረው፣ ከዚህ እስከ ቀይ ባሕር ላለው አገር ነው። ቀኑንና ቦታውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም።»

ደሳለኝ አሰበ። «ቀኑ ካልታወቀ ነገም ሊሆን ይችላል» አለ።

«ነገም ሊሆን ይችላል። ግን—» አለች ልጅቷ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ማንም አልሰማውም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሸሕዲ ለማደር ሄደች።

አሁን የቆላ ሰው እንዴት እንደፈራ ልንገራችሁ። ለራሱ የፈራ አንድም ሰው አላየሁም። ሳሉጎቹ የሚያድሩት ዳስ ውስጥ ነው፤ የአዲሱም ቤት ሣር ነው፤ በላያችን ቢወድቅ ያሳክከናል እንጂ አይገድለንም። የሁሉም ሐሳብ የሄደው ወደ ሂላው ነው። መሬት ከተንቀጠቀጠች ሸራ ሳታነጥፍ ሰሊጡን ታራግፈዋለች፤ ዓመት የደከሙበት ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ጉንዳን ይወርሰዋል። ሳይመሽ ወሬው ከእርሻ እርሻ ተሻገረ። ልጅቷ ያላለችውም ተጨመረበት፤ «መሣሪያው እኛ ጋ የተቀበረው እኛ ጋ ሊሆን ስለሆነ ነው» ተባለ። ጆሮ የተደቀነበት ቦታ ድምፅ የሚመጣበት ቦታ መሰላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ከጎረቤታችን ከጫኔ እርሻ የዱላ ድምፅ ሰማን። ጫኔ እርጥብ ሰሊጡን ማራገፍ ጀምሯል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ጀመረ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ሜዳው ሁሉ ዷ ዷ ዷ ይል ጀመር።

ደሳለኝ ወደ አዲሱ መጣ። «አዲሱ፣ ጫኔ ሰው ይፈልጋል። አንተ ዛሬ የማታራግፍ ከሆነ ልጆቹ ወደዚያ ይሻገራሉ። ኋላ ሰው አምጣ ብትለኝ ከየት አመጣልሃለሁ?»

«ሰሊጡ አልደረቀም እኮ።»

«ሰሊጥህ እስኪደርቅ መሬት ትጠብቅህ እንደሆነ እሱን እንጃ።»

አዲሱ «እስከ ምሳ ታገሠኝ» አለው። እኔ በበኩሌ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጣፍቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። የሸሕዲ ሚኒባስ ምሳ ሳይደርስ ያልፋል። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል።

ሰናይት መሣሪያዋን ልታይ ተመልሳ መጣች። ላፕቶፗን ከመሣሪያው ገመድ ጋር አገናኝታ ተቀመጠች፤ አዲሱና እኔ ከጀርባዋ ቆምን። መስታወቱ ላይ አንዲት መስመር ትሄዳለች። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ተዘረጋ ክር ጸጥ ብላለች። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን እንደ ጃርት እሾህ ቆማለች።

ልጅቷ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። አዲሱ መስመሩን አላየም፤ ፊቷን ነበር የሚያየው።

«ምንድን ነው?»

«አላወቅሁትም። በቅርብ ያለ ነገር ይመስላል፣ በጣም በቅርብ። ግን አንድ መሣሪያ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የሌላ ቦታዎቹ አይተውት እንደሆነ ልጠይቅ። ኔትወርክ የት አለ?»

ኔትወርክ ያለው ቋጥኙ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ስልኳን ይዛ መውጣት ጀመረች።

እሷ ግማሽ ሳትደርስ አዲሱ ወደ ደሳለኝ ዞረ። «ኸላስ» አለው፤ የሱዳኖቹን ቃል የሚያወጣው ነገር ሲያበቃለት ነው። «ሸራውን አንጥፉ።»

ሸራው ተነጠፈ። የመጀመሪያውን ነዶ አምጥተው ዘቀዘቁት፣ መቱት። የወረደው ፍሬ እፍኝ ሙሉ ብቻ ነበር። ቆባውን ሰንጥቄ አየሁት፤ የቀረው እዚያው ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል፣ ነጭና እርጥብ። ሁለተኛውን ነዶ ሲያመጡት ሄጄ ሸራው መሀል ላይ ቁጭ አልኩ።

ነዶውን የያዙት ሁለቱ ልጆች ቆሙ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አዲሱ።

«ደክሞኛል።»

«ሸራ ላይ ነው የሚደከመው?»

«ሌላ የተነጠፈ ነገር የለም።»

ደሳለኝ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይነሡ እንጂ። በአንቱ ራስ ላይ ሰሊጥ አራግፌ አገሬ ብገባ እናቴ ምን ትለኛለች?»

«አትንገራታ።»

ሳሉጎቹ ሳቁ። አንዱ ወሎዬ፣ «ካቦ፣ አንሥተን ጥላ ሥር እናስቀምጣቸው?» አለ።

«አንተ ያዛቸው እስቲ» አለው ደሳለኝ። ወሎዬው አልያዘኝም። አሮጊት ከተቀመጠችበት በእጁ የሚያነሣ ሰው እዚህ አገር እስካሁን አልተገኘም፤ በራሷ ላይ ነዶ የሚዘቀዝቅም እንዲሁ። ይኼን አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ሌላ ሸራ ፍለጋ ዓይናቸውን አማተሩ፤ አዲሱ ያለው ሸራ አንድ ነው።

አዲሱ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ፣ ዘንድሮም ከሄደብኝ አበቃልኝ። ቢንቀጠቀጥስ?»

«ቢንቀጠቀጥ ይረግፋል። አሁን ብታራግፈው ግን ሳይንቀጠቀጥም ግማሹ የለም። ልጅቷ እስክትወርድ ቆይ።»

«ልጅቷ እኮ አላወቅሁትም ብላለች።»

«አላወቅሁትም ያለችው ልትጠይቅ ቋጥኝ ወጥታለች። አውቃለሁ ያለው ደሳለኝ ነው፤ እሱ የትም አልሄደም።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?» አለ ደሳለኝ።

ፀሐዩ ከላይ ይወርዳል፣ ሸራው ከሥር ያቃጥላል። ነዶ የያዙት ልጆች ክንዳቸው ሲዝል ቀስ ብለው መሬት አስደገፉት። እኔ ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ሸሕዲ የሚሄደው ሚኒባስ ጥሩንባውን ሲነፋ ሰምቼዋለሁ። ከሥሬ የሆነ ነገር ይመታ ነበር፤ ልቤ ይሁን መሬቱ አልለየሁትም። በየአቅጣጫው የጎረቤቶቻችን ዱላ ዷ ዷ ይላል፤ ሰው ሁሉ ሲያተርፍ ልጄን ያከሰርኩት እኔ ብሆንስ እያልኩ ነበር። ለልጄ ይኼን አልነገርኩትም፤ እየተመለከተኝ ስለነበር ነጠላዬን አስተካከልኩ።

አዲሱ ተነሣና ወደ ሂላው ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ከሳሉጎቹ አንዳንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ጫኔ መንገድ ጀመሩ። ደሳለኝ አልከለከላቸውም። እሱ ራሱ ግን አልሄደም። «እማማን ሸራ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ» አለ፤ ዱላውን አስቀምጦ ከጎኔ ተቀመጠ።

ከዚያ ሜዳው ጸጥ አለ። የጫኔ ዱላ ቆመ፣ የሌሎቹም ቆመ። ምሳ ሰዓት ደርሷል።

ሰናይት ከቋጥኙ ወረደች፣ ላብ በላብ ሆናለች። «ሌሎቹ ጋ ምንም የለም» አለች። «አንዱም ቦታ አልታየም። ከመሬቱ ሆድ ቢሆን የቅርቦቹ ይሰሙት ነበር። እዚሁ ያለ ነገር ነው።» ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። «እንዴ፣ ቆሟል።»

«መቼ?» አለ አዲሱ።

«አሁን። ልክ አሁን ነው የቆመው።»

«ምሳ እየበሉ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ሌላ ሐሳብ ሳይኖረው።

ሰናይት ቀና አለች። ወደ ጫኔ እርሻ አየች፣ መልሳ ወደ መስመሩ አየች። «ስወጣ ይሰማኝ የነበረው ድምፅ ምንድን ነው?»

«ሰሊጥ ማራገፍ ነዋ።»

«ስንት ሰው?»

«የወረደው ሳሉግ በሙሉ።»

«ዛሬ ሁሉም አንድ ላይ ለምን ጀመሩ?»

«አንቺ ይንቀጠቀጣል ብለሽ» አልኳት እኔ ከተቀመጥኩበት።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቀሰች ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳያት ትስቃለች። ደሳለኝን ዱላህን አምጣ አለችው። «መሬቱን አንዴ ምታው።» መታ፤ መስመሯ አንዴ ወደ ላይ ዘለለች። «ሁለቴ።» ሁለቴ ዘለለች። ደሳለኝ ዱላውን አየው፣ መስመሯን አየ። «እንግዲያ ሲያስፈራኝ የዋለው እኔው ነኝ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራ የለም። የቀሩት ልጆች ሁሉ ተራ በተራ መሬቱን ካልመታሁ አሉ። ወሎዬው ዘሎ ወረደና «የኔ ከካቦው ይበልጣል» አለ፤ ይበልጥም ነበር። ፍርሃቱ ወዴት እንደሄደ ሳላየው ሄደ። ሰናይት መሀላቸው ቆማ፣ «ስሙኝ፣ ይኼ ማለት ግን ትልቁ አይመጣም ማለት አይደለም» ትላለች። ትናንት «ግን»ን ያልሰሙ ሰዎች ዛሬም አልሰሙትም። ትናንት ያመኑት ከሚገባው በላይ ነበር፣ ዛሬ የናቁትም ከሚገባው በላይ ነው፤ ከትናንት እስከ ዛሬ እሷ የጨመረችውም የቀነሰችውም ቃል የለም።

እኔም ከሸራው ተነሣሁ፤ አዲሱ ራሱ እጄን ይዞ አነሣኝ። ሸራውን አጠፈው። ጫኔ ጋ ሰው ላከ፤ ጫኔ ግን «አንዴ ጀምሬዋለሁ» ብሎ ጨረሰው። ሰሊጡ ጆንያ ውስጥ ሻገተ። ሰው አልሳቀበትም፤ ሊስቁ ከሚችሉት ብዙዎቹ እንደ እሱ አራግፈው ነበርና።

የእኛ ሂላ እስኪደርቅ እዚያው ቆየሁ። እንደዚያ ቆይቼ አላውቅም። በየቀኑ ጠዋት ሄጄ ቆባ እሰነጥቃለሁ፣ አልደረሰም እላለሁ፣ እመለሳለሁ። መሬቱ አልተንቀጠቀጠም። ሊንቀጠቀጥ ግን ይችል ነበር፤ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ነገር ነበር፣ ጫኔም ጠቢብ ይባል ነበር። ደርቆ ሲራገፍ ፍሬው ሸራው ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። አዲሱ መሬቱን አልመለሰም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ዛሬም እዞራለሁ። ነገር ግን ወሬ ስሰማ ነጠላዬን ከማጣፋቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የሚንቀጠቀጠው መሬቱ ነው ወይስ እኛው ነን የምናራግፈው? ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። ሰናይትን ለብቻዋ ይዤ፣ «እሺ፣ ቀኑ የማይታወቅ ነገር ለሰው ምን ይጠቅመዋል?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«ለመሸሽ አይጠቅምም እማማ» አለችኝ። «ለመሰናዳት ነው። ሰው የሚሞተው በመሬቱ አይደለም፣ በሚወድቅበት ነገር ነው።»

መተማ ያለችው ልጄ ቤቷ ብሎኬት ነው። ከልጆቿ አልጋ በላይ መደርደሪያ አለ፣ መደርደሪያው ላይ ትልቅ ሣጥን። እንደደረስኩ አወረድኩት።

«እማዬ፣ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ።

«ሊንቀጠቀጥ ይችላል።»

«መቼ?»

«አይታወቅም።»

«ታዲያ ሣጥኑን አሁን ምን አስወረደሽ?»

«ቀኑ ቢታወቅማ በዋዜማው አወርደው ነበር።»

ሣጥኑ አሁን መተላለፊያው ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ እግሩን ይመታዋል። እኔንም ይመታኛል። መልሼ ግን ላይ አላወጣውም።

ሰናይት አንድ ነገር አደራ ብላኛለች። የሰሊጥ ማራገፊያው ሰሞን በመንቀጥቀጥ ቆጠራዋ ውስጥ እንዳይገባባት ቀኑን ቀድመን እንድንነግራት ትፈልጋለች። አዲሱ ይረሳል፣ ስለዚህ የምነግራት እኔ ነኝ። ቀጠሮ የሚባል ነገር ያልነበረኝ ሴት አሁን አንድ ቀጠሮ አለኝ፤ በጥቅምት የትም ብሆን አዲሱ ጋ እደርሳለሁ፣ ቆባ እሰነጥቃለሁ፣ ደርሶ ሳየው እያረፍኩ ቋጥኙ ላይ ወጥቼ እደውላለሁ።

ዘንድሮም ደወልኩ።

«ሰናይትዬ፣ ነገ ጠዋት ይንቀጠቀጣል።»

«የት እማማ?»

«አዲሱ ጋ። ጫኔም ከነገ ወዲያ ነው።»

«ጠንካራ ነው?»

«ዘንድሮ ሰሊጡ ጥሩ ነው። ጠንከር ይላል።»

«እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስከ ምሳ።»

ስትጽፍ ይሰማኛል። ቀኑ ከነሰዓቱ የሚነገራት የእኔ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው ትላለች።